ፓስተር፦ ሰውየውና ቤቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ፓስተር ማለት የታክሲ ፌርማታ ነው። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ፓስተር፣ ፓስተር እያለ ሲጣራ ስለ አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት እየጮኸ መሆኑን ልብ የሚል ተሳፋሪ ያለ አይመስለኝም። በእኛ ትምህርት ክፍል ደግሞ ፓስተር ማለት በማይክሮባዮሎጂ ማስታወሻ ላይ የሰፈረ የሁለት ሦስት መስመር ነገር ነው፤ አንገቱ የተቆለመመ ጠርሙስ፣ የወተት ማሞቂያ ዘዴ፣ የእብድ ውሻ ክትባት። ለፈተና ይጠናል፣ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሳው የፈለግሁት ሰውየው የሠራውን ሌላ ነገር ነው። ፓስተር ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያሠራው ቤት ግን ዛሬም ፓሪስ ውስጥ በሩ ክፍት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም፣ ለባለ አክሲዮን ትርፍ የሚያከፋፍል ኩባንያም አይደለም። ታዲያ እንዲህ ያለ ቤት እንዴት ይቆማል? ማን ይከፍላል? የሚገኘውስ ውጤት የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ለመኖር የምናስብ ተማሪዎችን ሁሉ የሚመለከቱ ስለሆኑ፣ የሰውየውን ታሪክ በእነሱ በኩል ልተርከው። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

የቆዳ ፋቂው ልጅ

ሉዊ ፓስተር ዲሴምበር 27 ቀን 1822 በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዶል በምትባል ከተማ ተወለደ። ያደገው ደግሞ አርቧ በምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ በናፖሊዮን ጦር ውስጥ ያገለገለ ወታደር ነበር፤ በኋላ ቆዳ እያለፋ ቤተሰቡን ያስተዳድር ጀመር። በእኛ አገር ፋቂ ተብሎ ሲናቅ የኖረው ሙያ ማለት ነው። ልጁ በትምህርት ቤት የተለየ ጎበዝ የሚባል አልነበረም፣ ሥዕል መሣል ግን ያውቅበት ነበር። በ1843 ፓሪስ ወደሚገኘው ኤኮል ኖርማል ወደተባለው ታላቅ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባ።

የመጀመሪያውን ስሙን ያገኘው በኬሚስትሪ ነው። በ1848 የታርታሪክ አሲድን ዘር ክሪስታሎች በአጉሊ መነጽር እያየ አንድ በአንድ በመልቀም፣ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አሳየ፤ ልክ እንደ ቀኝና ግራ እጅ። ሰውየው ያኔ ገና 25 ዓመቱ ነበር። በ1849 ስትራስቡርግ ውስጥ ማሪ ሎራን የምትባል ወጣት አገባ። ማሪ የቤት እመቤት ብቻ አልነበረችም፤ ማታ ማታ የሚነግራትን ትጽፍለት፣ ጽሑፎቹንም ትገለብጥለት ነበር። አምስት ልጆች ወለዱ፤ ሦስቱ ሴቶች ልጆች በልጅነታቸው ሞቱ። ሁለቱን የወሰደው ታይፎይድ ነው። ይህን ሳነብ ሰውየው ስለ ተላላፊ በሽታ የነበረው ግትርነት ትንሽ ይገባኛል።

በ1854 ሊል ወደምትባለው የኢንዱስትሪ ከተማ ተዛወረ። እዚያ ከቀይ ሥር ዓይነት አልኮል የሚያወጣ አንድ ነጋዴ ጥንስሱ እየኮመጠጠ አስቸገረው። ፓስተር ጉዳዩን ተከታተለው። መፍላት የኬሚካል መበስበስ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት የሚሠሩት ሥራ መሆኑን ደረሰበት። ጠላና ጠጅ በሚጠመቅበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ነገር ቀላል ይመስላል፤ እናቶቻችን እርሾ ሲበላሽ ገና በሽታው ያውቁታል። በዚያ ዘመን በነበሩት ኬሚስቶች ዘንድ ግን ትልቅ ጠብ ያስነሳ አሳብ ነበር።

ከጣሪያ ሥር ላቦራቶሪ

በ1857 ወደ ኤኮል ኖርማል በኃላፊነት ተመለሰ። የተሰጠው ላቦራቶሪ ምን እንደነበር ብንሰማ እንገረማለን። መጀመሪያ ከጣሪያ ሥር ያለች፣ በበጋ የምታቃጥል በክረምት የምታንቀጠቅጥ ክፍል ነበረች። በኋላ ያገኘው ቦታም ቢሆን ከደረጃ ሥር የተሠራ የማሞቂያ ሣጥን ነበረው፤ ፓስተር ጠርሙሶቹን ለማየት በጉልበቱ እየዳኸ ይገባ ነበር። ሕይወት ካለ ነገር ብቻ እንጂ ከባዶ እንደማይፈጠር ያሳየባቸው ሙከራዎች የተሠሩት በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። ለዚህም በ1862 ከፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አገኘ።

አስተዳዳሪ ሆኖ ግን አልተዋጣለትም። ደንብ አጥባቂና ቁጡ ስለነበር ከተማሪዎቹ ጋር ተጋጨ፤ በ1867 በተነሳ የተማሪዎች ዓመፅ ምክንያት ከአስተዳደር ሥራው ተነሳ። ሰው ማስተዳደር የማይችል ሰው ሰው ሁሉ የሚሠራበት ቤት ማቋቋሙ ነው እንግዲህ የሚገርመው።

በ1868 ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ፈረንሳይ ለሳይንስ የምትመድበው በጀት አሳፋሪ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ጀርመኖች ትልልቅ ላቦራቶሪ ሲሠሩ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ምድር ቤት ውስጥ እየታመሙ እንደሚሠሩ በግልጽ ተናገረ። ሁለተኛ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ስትሮክ መታው። ገና 45 ዓመቱ ነው። ግራ ጎኑ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሙሉ በሙሉ አልዳነም። ከዚያ በኋላ የምናውቃቸው ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ በአንድ እጁ በደንብ መሥራት የማይችል ሰው የሠራቸው ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ ከዚህ ጊዜ በኋላ ፓስተር ማለት አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የሌሎችን እጆች ይፈልግ ነበር። ኤሚል ሩ የተባለው ሐኪምና ሻርል ሻምበርላን የተባለው የፊዚክስ ሰው የገቡትም በ1870ዎቹ ነው።

የበጎቹ ፈተና

በ1881 የሆነውን እንኳን እኛ የዓለም ጋዜጦችም አራግበውታል። ፓስተር የአባሰንጋን ክትባት አገኘሁ ሲል አንዳንድ የእንስሳት ሐኪሞች በአደባባይ እንዲፈትነው ጠየቁት። ቦታው ፑዪ ለ ፎር የሚባል ከፓሪስ ብዙም የማይርቅ የገጠር መንደር ነው። ወደ 60 የሚጠጉ እንስሳት፣ አብዛኞቹ በጎች፣ ቀረቡ። ግማሾቹ በግንቦት ወር ሁለት ጊዜ ተከተቡ፣ ግማሾቹ አልተከተቡም። ግንቦት 31 ቀን ለሁሉም ገዳዩ ተሕዋስ ተወጋ። ሰኔ 2 ቀን ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ያልተከተቡት በጎች ሞተዋል ወይም እያጣጣሩ ነው፤ የተከተቡት ቆመው ሣር ይግጣሉ። በቃ፣ ፓስተር በአንድ ቀን ጀግና ሆነ።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ፓስተር ክትባቱ ተሕዋሱን በአየር በማዳከም የተዘጋጀ መስሎ እንዲታይ አደረገ። እውነቱ ሌላ ነበር፤ በዚያ ቀን የተወጋው ክትባት ሻምበርላን በፖታሲየም ዳይክሮሜት ያዘጋጀው ነው። ይህ ደግሞ የፓስተር ተቀናቃኝ የነበረው የቱሉዝ የእንስሳት ሐኪም ቱሳን ከሚከተለው ዘዴ ጋር የሚቀራረብ ነበር። ፓስተር ይህንን ለሕዝብ አልተናገረም።

እንዴት ታወቀ ቢባል ከደብተሮቹ ነው። ፓስተር ወደ 100 የሚጠጉ የላቦራቶሪ ደብተሮች ነበሩት፤ ቤተሰቡ ለማንም እንዳያሳይ አዞ ነበር የሞተው። የልጅ ልጁ በ1964 ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሰጣቸው፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ያነቧቸው ጀመር። አሜሪካዊው የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ ጄራልድ ጋይሰን በ1995 ባወጣው መጽሐፍ የአደባባዩንና የደብተሩን ፓስተር ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየ። መጽሐፉ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ ጋይሰን ሰውየውን ያለ አግባብ ኮነነው የሚሉ አሉ። የክትባቱ ጉዳይ ግን ደብተሩ ላይ ያለ ነው።

ዮሴፍ ማይስተር

የሁላችንም አስተማሪ የሚተርከው ታሪክ ደግሞ ይኸው ነው። ሐምሌ 1885 መጀመሪያ ላይ አልሳስ በተባለው ክፍለ አገር ዮሴፍ ማይስተር የሚባል የ9 ዓመት ልጅ በእብድ ውሻ ተነከሰ። እናቱ ይዛው ፓሪስ ድረስ መጣች። ፓስተር ሐኪም አልነበረም፣ መርፌ መውጋት በሕግም አይችልም። ሐኪሙ ግራንሼ ወጋለት። ክትባቱ የተዘጋጀው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች የጀርባ አጥንት ኅብለ ሰረሰር ነው። ኅብለ ሰረሰሩ ደረቅ አየር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ተንጠልጥሎ በቆየ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል። ልጁ መጀመሪያ ብዙ ቀን የደረቀውን፣ ከዚያ እየተጠጋ ትኩሱን፣ በጠቅላላው 13 ጊዜ ተወጋ። ልጁ አልታመመም። በጥቅምት ወር ደግሞ ጓደኞቹን ለማዳን ከእብድ ውሻ ጋር የታገለ ዡፒይ የሚባል የ15 ዓመት እረኛ መጣና እሱም ተረፈ።

ደብተሮቹ እዚህም ላይ ዝም አይሉም። ከማይስተር በፊት፣ በዚያው ዓመት በግንቦትና በሰኔ፣ ሁለት ሰዎች ሌላ ዓይነት ዝግጅት ተወግተው ነበር፤ አንዷ ሕፃን ሞታለች፤ ነገሩም ለሕዝብ አልተነገረም። ለማይስተር የተወጋው ዘዴም በውሾች ላይ ገና ተፈትኖ ያለቀ አልነበረም። የቅርብ ረዳቱ ሩ በዚያ ሕክምና አልተካፈለም። እኛ ዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ፕሮፖዛል ይዘን ስንቀርብ ይህ ማለፊያ እንደማያገኝ እናውቃለን። በሌላ በኩል ልጁ 14 ቦታ ተነክሶ ነበር ይባላል፤ ምንም ሳይደረግለት ቢቀርና በሽታው ቢነሳበት ሞቱ አይቀሬ ነው። እናቱ ፊት ቆሜ እኔ ብሆን ምን እወስን ነበር? እውነቱን ለመናገር መልሱን በቀላሉ አላገኘሁትም። ያገኘሁት ነገር ቢኖር እንዲህ ያለ ውሳኔ በአንድ ሰው ኅሊናና በአንድ ሰው ደብተር ላይ ብቻ መመሥረት እንደሌለበት ነው።

የሕዝብ መዋጮ

ወሬው ሲሰማ ከየአገሩ የተነከሰ ሰው ወደ ፓሪስ ጎረፈ። በመጋቢት 1886 ከስሞሌንስክ 19 ሩሲያውያን በእብድ ተኩላ ተነክሰው መጡ፤ 16ቱ ተርፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጠባቧ ላቦራቶሪ ሞላች። ፓስተር መጋቢት 1 ቀን 1886 ለሳይንስ አካዳሚ 350 ሰዎች መታከማቸውን አሳውቆ፣ ለዚሁ ሥራ የተለየ ተቋም እንዲሠራ አሳብ አቀረበ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ገንዘቡን ከየት ያምጡት? ከመንግሥት ብቻ ቢጠይቁ በ1868 የተማረረበት በጀት ዓይነት ይሆናል። በንግድ ቢያቋቁሙት ክትባቱ የገንዘብ ላለው ይሆናል። ስለዚህ የሕዝብ መዋጮ ተከፈተ። የሩሲያው ዛር 100,000 ፍራንክ ሰጠ፤ የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥትና የቱርኩ ሱልጣንም አዋጡ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ሰዎች ከየመንደሩ ሳንቲማቸውን ላኩ። የአልሳስ ሰዎች መዋጮ ዝርዝር ውስጥ የትንሹ የዮሴፍ ማይስተር ስም ይገኛል። የተሰበሰበው ወደ 2.6 ሚሊዮን ፍራንክ ደረሰ። ከግማሹ በላይ ለመሬትና ለሕንጻ ወጣ፤ የተረፈው ቋሚ ሀብት ሆኖ ተቀመጠ። መሬቱ በፓሪስ ዳር በቮዥራር ሰፈር የነበረ 11,000 ካሬ ሜትር ቦታ ነው።

ሰኔ 4 ቀን 1887 በወጣ ድንጋጌ ተቋሙ ለሕዝብ ጥቅም የቆመ የግል ድርጅት ተብሎ ታወቀ። ይህ ቃል በሕግ በኩል ትልቅ ትርጉም አለው። ባለቤት የለውም፤ ስጦታና ኑዛዜ መቀበል ይችላል፤ የሚገኘው ገቢ ተመልሶ ለሥራው ይውላል። ኅዳር 14 ቀን 1888 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በተገኙበት ተመረቀ። ፓስተር በዚያን ቀን ስሜቱ አሸንፎት ንግግሩን ማንበብ አቃተው፤ ልጁ አነበበለት። ፓስተር፣ ሩና ሻምበርላን ከአባሰንጋ ክትባት ሽያጭ ይደርሳቸው የነበረውን ገቢም ለቤቱ ለቀቁ። እንግዲህ ይህ ሰው ቀደም ብሎ ለሥራዎቹ ፓተንት ያወጣ የነበረ፣ ንግዱንም የሚያውቅ ሰው ነው። የገንዘብን ነገር ንቆ ሳይሆን አውቆት ነው የለቀቀው።

ቤቱ እንዴት ተደራጀ

ቤቱ በአምስት ክፍሎች ተከፈለ። የእብድ ውሻ ሕክምናውን ግራንሼ ያዘ። አጠቃላይ የማይክሮብ ጥናቱን ኬሚስቱ ኤሚል ዱክሎ፣ ከንጽሕናና ከጤና ጥበቃ ጋር የተያያዘውን ሻምበርላን፣ የቴክኒክ ክፍሉን ሩ መሩ። አምስተኛውን ከሩሲያ ግዛት ተሰዶ የመጣው ባዮሎጂስት ኤሊ ሜችኒኮፍ ያዘ፤ በደመወዝ ሳይሆን በነፃ ነበር የሠራው። ነጭ የደም ሕዋሳት ተሕዋስን እንደሚውጡ የምንማረው የሱ ሥራ ነው። ልብ በሉ፤ ሐኪም፣ ኬሚስት፣ የፊዚክስ ሰውና የእንስሳት ጥናት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ይህ አልተለመደም። እኛስ ጋ ቢሆን ከጎረቤት ትምህርት ክፍል አንድ ሴንትሪፉጅ ለመዋስ ስንት ደብዳቤ ይጻፋል!

ከሕክምናውና ከምርምሩ ጎን ለጎን ሦስተኛው ሥራ ማስተማር ሆነ። ሩ ከ1889 ጀምሮ የማይክሮብ አሠራር ኮርስ መስጠት ጀመረ። ከብዙ አገር ሐኪሞች እየመጡ ማባዛቱን፣ ማቅለሙን፣ ክትባት ማዘጋጀቱን በእጃቸው እየሠሩ ተማሩ፤ ተመልሰውም በየአገራቸው ላቦራቶሪ ከፈቱ። ዱክሎ ደግሞ ከ1887 ጀምሮ የተቋሙን መጽሔት እያዘጋጀ ውጤቱን ያሳትም ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ አንድ ነገር ነው። ፓስተር ለራሱ ደብተሩን የሚቆልፍ ሰው ነበር፤ ያቋቋመው ቤት ግን ሥራውን ለሌላው ካላሳየ በስተቀር ሊኖር በማይችልበት መንገድ ተቋቋመ። ኮርሱ የሚሰጠው ዘዴው እንዲታወቅ ነው። መጽሔቱ የሚወጣው ውጤቱ እንዲመረመር ነው። ሰውየው ሊያደርገው ያልቻለውን ቤቱ እንዲያደርገው ተሠራ ማለት እችላለሁ። የተቋም ጥቅሙም ለካ ይኸው ነው፤ ከመሥራቹ ጠባይ የተሻለ ጠባይ ሊኖረው ይችላል።

ከፓስተር በኋላ

ፓስተር መስከረም 28 ቀን 1895 በ72 ዓመቱ ሞተ። የመንግሥት ቀብር ተደረገለት፤ በኋላ አስከሬኑ በራሱ ኢንስቲትዩት ምድር ቤት ውስጥ በተሠራለት መቃብር አረፈ። መሥራች ሲሞት አብሮ የሚሞት ድርጅት በየትም አገር ሞልቷል። እዚህ ግን ዱክሎ ተተካ፤ በ1904 ሩ ቀጠለ፤ እስከ 1933 ድረስ መራው። ሩ በኢንስቲትዩቱ ግቢ በአንዲት ትንሽ ክፍል ይኖር ነበር።

በ1894 ሩ የዘጊ አናዳ ወይም የዲፍቴሪያን ሕክምና ከፈረስ ደም በሚወጣ ሴረም ማሳየቱን ሲያበስር አንድ የፓሪስ ጋዜጣ መዋጮ ከፈተ፤ ከአንድ ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያው ዓመት የቤቱ ሰው አሌክሳንደር ዬርሳን ሆንግ ኮንግ ውስጥ የቸነፈርን ተሕዋስ አገኘ። በ1900 ከኢንስቲትዩቱ አጠገብ ሆስፒታል ተከፈተ። በ1907 አንድ ኦሲሪስ የሚባል የባንክ ሰው ሲሞት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፍራንክ ተናዘዘለት። ከቤቱ ሰዎች አልበርት ካልሜት በ1891 ሳይጎን ውስጥ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ኋላም ከጌራን ጋር ሆኖ በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ሠራ። በክንዳችን ላይ ያለችው ጠባሳ የማን እንደሆነች አሁን ታወቀ! የቱኒስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ሻርል ኒኮል ደግሞ በ1909 የተስቦን በሽታ የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን አሳየ።

ይህን ስል እነዚህ የባሕር ማዶ ቤቶች ከቅኝ ግዛት ጋር አብረው የሄዱ መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። ሰፋሪውን፣ ወታደሩንና የእርሻውን ሠራተኛ ጤነኛ አድርጎ ማቆየት ለገዢው ጥቅሙ ነበር። ክትባቱ አዳኝ ነበር፤ የመጣበት መርከብ ግን የገዢው ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የገንዘብ ችግርም ቤቱን አልለቀቀውም። በ1970ዎቹ በኪሣራ አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከ1971 እስከ 1976 ዳይሬክተር የነበረው የኖቤል ተሸላሚ ዣክ ሞኖ ክትባትና ሴረም የሚያመርተውን ክፍል ከምርምሩ ለይቶ ኩባንያ እንዲሆን አደረገ። ብዙ ሠራተኛ ይህ የፓስተርን አሳብ መሸጥ ነው ብሎ ተቃወመ። ሞኖ ግን ምርምሩ እንዲተርፍ ማምረቻው መለየት አለበት ብሎ ጸና። በ1987 የዊንዘር ዱቼስ የተናዘዘችለት ጌጣጌጥ ጄኔቫ ላይ ተጫርቶ ወደ 50 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አስገኘ። ዛሬም ገቢው ከመንግሥት ድጎማ፣ ከሕዝብ መዋጮና ኑዛዜ፣ ከምርምር ውልና ከፓተንት የሚመጣ ነው። በአንድ እግር ብቻ እንዳይቆም ተደርጎ የተሠራ ነው።

ውጤቱም ሁልጊዜ የተሳካ አይደለም። በ1983 ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ የኤድስን ቫይረስ ያገኙት በዚህ ቤት ነው፤ በ2008 ኖቤል ተሸለሙበት። በጥር 2021 ግን ተቋሙ ሲሞክረው የነበረው ዋነኛው የኮቪድ ክትባት በቂ ውጤት ስላላሳየ ሥራውን አቁሞ በይፋ አስታወቀ። ክትባት የተወለደበት ቤት ነው ተብሎ ፈረንሳይ ውስጥ ብዙ ትችት ወረደበት። እኔ ግን ይህን ዜና ከፑዪ ለ ፎር ድል ባልተናነሰ ሁኔታ ነው የማየው። ያልተሳካውን አልተሳካም ብሎ ለሕዝብ መናገር መሥራቹ ራሱ የከበደው ነገር ነበራ!

እኛና ፓስተር

ወደ ፌርማታችን እንምጣ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሚባል ተቋም ይሠራ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተነሳውን ታላቅ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ካጠኑት መካከል የዚህ ተቋም ባለሙያዎች ይገኙበታል። በኋላ ማዕከላዊ ላቦራቶሪና የምርምር ተቋም ሆነ፤ ስሙም አደረጃጀቱም ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። የእኛው የመንግሥት ተቋም ነው፤ የፓሪሱ ዓይነት የግል ድርጅት አይደለም። ሕዝቡ ግን ፓስተር ማለቱን አልተወም።

አክስቴ በልጅነቷ ውሻ ነክሷት እዚያ የወሰዷትን ታስታውሳለች። ለተከታታይ ቀናት ሆዷ ላይ፣ እምብርቷ ዙሪያ፣ በየቀኑ አንድ መርፌ። ያ በኛ አገር ለብዙ ዓመታት የተመረተው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ከፓስተር የጥንቸል ኅብለ ሰረሰር የወረደ የሩቅ ዘመድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የቀለለና የተሻለ ክትባት ዓለም ላይ መጥቷል። ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው በዓመት ወደ 59,000 ሰው በእብድ ውሻ በሽታ ይሞታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ፣ ብዙውም ሕፃናት። መድኃኒቱ ከተገኘ ከ140 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህ ቁጥር የሚነግረኝ ግኝትና ክትባቱ ለተነካሽ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ግኝቱን አንድ ሊቅ ከደረጃ ሥር እየዳኸ ሊያመጣው ይችል ይሆናል። ለማድረስ ግን ቤት ያስፈልጋል። ሂሳቡን የሚቆጣጠር ቦርድ፣ ማቀዝቀዣውን የሚጠብቅ ሠራተኛ፣ መርፌውን በትክክል የሚወጋ ተማሪ፣ ደብተሩን ለተተኪው ክፍት የሚያደርግ ተመራማሪ ያስፈልጋል። ዮሴፍ ማይስተር እንኳ አድጎ የዚያው ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆኖ ነበር፤ በ1940 እስኪሞት እዚያው አገለገለ።

ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን፣ እኛ ፓስተርን ላንሆን እንችላለን። በየዓመቱ የምንሠራቸው የመመረቂያ ጥናቶች ግን በመደርደሪያ ላይ አቧራ እየጠጡ ነው፤ ያልተሳካው ሙከራ ደግሞ ጭራሽ አይጻፍም። ቀጣዩ ተማሪ ያንኑ ስሕተት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ሚሊዮን ፍራንክ አያስፈልግም። አንድ የጋራ መዝገብ፣ አንድ ቁልፍ የሌለው ቁም ሣጥን፣ በወር አንድ ቀን ሥራችንን እርስ በርስ የምንተያይበት ሰዓት ይበቃል። መዋጮው ከእኛ ነው፤ እኔ የራሴን የላቦራቶሪ ደብተር የመጀመሪያው አድርጌ ለማስቀመጥ ዝግጁ ነኝ።

ቸር ይግጠመን።